ገና አልሰሙም

ያን ዓመት ረመዳን እኛ ቤት ገብቶ ሳይወጣ ቀረ። የሰፈሩ ሙስሊም ሁሉ ዒዱን ሰግዶ፣ አዲስ ልብሱን ለብሶ፣ በማግስቱ ቁርሱን በጠዋት ሲበላ እናቴና አባቴ ጾማቸውን ቀጠሉ። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ደስ ብሎኝ ነበር።

ያደግሁት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው የከተማው ክፍል ነው፤ ከገበያው ጀርባ፣ የመናኸሪያው ጥሩምባ ቤት ድረስ የሚሰማበት ሰፈር። አባባ ነስሩ ይባላል። በልጅነቱ ከስልጤ አገር ወጥቶ፣ እየነገደ መጥቶ እዚህ የቀረ ሰው ነው። የስፖንጅ ፍራሽና ብርድ ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ በተደራረቡት ፍራሾች ላይ እስከ ጣሪያው ድረስ እወጣና የአዲስ ስፖንጅ ሽታ እየሸተተኝ እተኛለሁ። እማ ዘይቱና ትባላለች። ከእኔ ሌላ የወለዱት አንድ ልጅ ብቻ ነው፣ ሙዘሚል። በብዙ ዓመት ይበልጠኛል። እኔ ፊደል ስቆጥር እሱ የአሥረኛ ክፍል ፈተና አልሆንልህ ብሎት ሱቅ ውስጥ አባባን ያግዝ ነበር።

በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት የካቲት ላይ ሙዘሚል ከጎረቤታችን ልጅ ከጌታነህ ጋር ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ያኔ ከእኛ አካባቢ ያልሄደ ጎረምሳ አልነበረም፤ ያልሄደው ሊሄድ የሚያስብ ነበር። ክልላችን ደቡብ ይባል ስለነበር ደቡብ አፍሪካ ከኮንሶ ቀጥሎ ያለ ወረዳ ይመስለኝ ነበር። ለምን ለቅዳሜ ገበያ እንኳ ብቅ እንደማይል ግራ ይገባኝ ነበር። ከናይሮቢ አንዴ ሁለቴ ደወለ። በመጨረሻው ስልክ፣ "ሹክሪያ፣ ምን ላምጣልሽ?" አለኝ። "ብስክሌት" አልኩት። ሳቀ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። መጥፋቱ ማንንም አላስደነገጠም። መንገድ ላይ ስልክ የለም ይባል ነበር።

ረመዳን የገባው ሐምሌ ላይ ነው፣ ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ቀትር መጾም ጀመርኩ። ረመዳንን የምወደው ግን በጾሙ አልነበረም። አባባ በሌላ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ጫት ይቅማል። ማታ ምርቃናው ሲወርድ ቤት ይመጣና በሆነው ባልሆነው ይቆጣል። እማም አፏ የዋዛ አይደለም። ምጣዱ ይወረወራል፣ በሩ ይጋጫል። ረመዳን ሲገባ ጫቱ ይቀራል። "ጾመኛ አይጣላም" ትላለች እማ፤ እውነትም አይጣሉም። ቤቱ ውስጥ በቀስታ ይነጋገራሉ። ከሰዓት በኋላ የዘይት ሽታ ግቢውን ይሞላዋል፤ እማ ሳምቡሳ ትጠብሳለች፣ የስንዴ ሾርባ ትጥዳለች። ከገበያው መስጊድ የመግሪብ አዛን ሲሰማ አባባ ተምሩን በሦስት ጣቱ አንስቶ መጀመሪያ ለእማ ይሰጣል። በሌላው ወር እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።

ከማፍጠራችን በፊት ግን አንድ ሳህን መሄድ አለበት። የምወስደው እኔ ነኝ። ሳህኑ የሚሄደው ወደ ጌታነህ እናት ወደ እትዬ ብርቅዬ ነው። እትዬ ብርቅዬ ከጨንቻ ደጋ የመጣች የጋሞ ሴት ናት፤ ገበያ ላይ ሙዝ ትነግዳለች። ባሏ ጋሽ ካሱ አባያ ላይ ዓሣ ያጠምዳል። ልጃቸው ሳባ የእኔ ጓደኛ ናት። እትዬ ብርቅዬ አማርኛን የተማረችው ገበያ ስለሆነ ወንድና ሴት አትለይም፤ ሳህኑን ስትቀበለኝ፣ "ጎሽ የኔ ልጅ፣ አንተ ደግሞ በላህ ወይ?" ትለኛለች። ሳህኑን ባዶውን መልሳ አታውቅም። ወይ ሙዝ ታደርግበታለች፣ ወይ ከሽፈራው ቅጠልና ከበቆሎ ዱቄት የሠራችውን ኩርኩፋ።

በረመዳን መጨረሻ ሰሞን አንድ ቀን ፍራሾቹ ላይ ተኝቼ ሳለሁ ጋሽ ካሱና እትዬ ብርቅዬ አብረው ወደ ሱቁ ገቡ። አብረው ሲመጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር። እሷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ፍልሰታ ስለነበር ከቤተ ክርስቲያን የመጡ መሰለኝ። አባባ ወንበር ቢያቀርብላቸውም አልተቀመጡም። ጋሽ ካሱ ጠጋ ብሎ በዝግታ ብዙ አወራ፤ እትዬ ብርቅዬ ታለቅሳለች። ከላይ ሆኜ የሰማሁት ጥቂት ነው። ጌታነህ መደወሉን፣ ታንዛኒያ እስር ቤት መሆኑን፣ ስልኩ የዘበኛ መሆኑን። የሙዘሚልም ስም ተነሣ። በመጨረሻ አባባ፣

"ሴትየዋ እንዳትሰማ" አለ። "ዒዱ ይለፍ።"

እኔ የገባኝ ግልጽ ነበር። ሙዘሚል ለዒድ እየመጣ ነው፤ አባባ እማን ድንገት ሊያስደስታት ፈልጓል። ጌታነህ ታስሯል፣ እትዬ ብርቅዬ የምታለቅሰው ለዚያ ነው። ምስጢር መጠበቅ እንደምችል ላሳይ ብዬ ፍራሹ ላይ ትንፋሼን ውጬ ተኛሁ።

እነሱ ከወጡ በኋላ አባባ አንድ ብርድ ልብስ ዘረጋ፤ አጠፈው። መልሶ ዘረጋው፤ መልሶ አጠፈው። አንዲት ሴት ገብታ የፍራሽ ዋጋ ጠየቀችው። ነገራት። ቀንስ አለችው፣ ቀነሰላት። ፍራሹን በገመድ አስሮ ባጃጅ ላይ ጫነላት። ያን ቀን ያየሁት ይህን ነው፤ ዛሬም የማስታውሰው ይህን ነው።

እማ የሰማችው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ወራቤ ያለችው እህቷ ሸሪፋ ደወለችላት። እማ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሳምቡሳ ትጠቀልል ነበር፤ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ይዛለች። እኔ ምስሩን እያቀበልኳት ነው።

"እሺ" አለች። "እሺ። ማን ነገረሽ? … አብሮት የነበረ ነው? … እሺ።" ከዚያ፣ "አባቱ ገና አልሰማም። ተዪው፣ ዒዱን ይዋልበት" አለች።

ስልኩን ስትዘጋ ዓይኗ ደረቅ ነበር። መጠቅለሏን ቀጠለች። ምስሩን ባቀብላትም አልተቀበለችኝም፤ ባዶውን ሊጥ በሦስት ማዕዘን አጥፋ፣ ጠርዙን በውሃ አጣብቃ ትሪው ላይ ትደረድራለች። አዲስ ዓይነት መሰለኝ። ሁሉንም እንዲያ ጠበሰችው። ማታ ለማፍጠር ስንቀመጥ አባባ አንዱን ገመጠ፣ አኘከ፣ ዋጠ። ሁለተኛውንም ደገመ። ውስጡ ምንም እንደሌለው አልተናገረም። እማም ራሷ በላች፣ አልተናገረችም። እኔ ባዶ ሳምቡሳ ጥሩ ነው፣ ይንኳኳል ብዬ ሦስት በላሁ።

በዒድ ቀን አባባ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ፎቶ እንነሣ አለን። ሲቀላ ወዳለ ፎቶ ቤት ሄድን፤ ከኋላችን ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ አለ። እኔ በሩን በሩን አያለሁ፣ ሙዘሚል ሊገባ ነው ብዬ። ፎቶው ዛሬም እማ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሁለቱም ፈገግ ብለዋል። ሰው ሲያየው፣ "እንዴት ያምራል፣ የደስታ ቀን ነው" ይላል። ዒዱን ለእሷ ሲል የዋለ እሱ፣ ለእሱ ስትል የዋለች እሷ ነበሩ። ይህን ሁሉ እማ ነገረችኝ፤ ብዙ ዓመት ቆይታ፣ እኔ ራሴ ካገባሁ በኋላ፣ ሽንኩርት እየላጠች።

ሙዘሚል ለዒድ አልመጣም። በማግስቱ እማ ከዒድ በኋላ የሚጾመውን የሸዋልን ስድስት ቀን እጾማለሁ አለች። የሚጾም ብዙ ሰው አለ፤ አባባ ግን ከዚያ በፊት ጾሞት አያውቅም። "እኔም እጾማለሁ" አለ። ስድስቱ ቀን አለቀ። ከዚያ ሰኞና ሐሙስ ሆነ። ከዚያ ማክሰኞም ሆነ። ከዚያ ምን ቀን እንደሆነ የሚጠይቅ ጠፋ። ከንጋት በፊት እየተነሡ ሱሁር ለመብላት ይቀርባሉ፤ እኔ በእንቅልፌ መሀል የማንኪያቸውን ድምፅ እሰማለሁ። ማታ አዛኑን ጠብቀው ምንጣፉ ላይ ይቀመጣሉ። ተምሩ አለ፣ ሾርባው አለ፣ ሳምቡሳው አለ። አባባ ጫት ወደ አፉ አላለም። ጠብ የለም። ቁጣ የለም። አንድ ቀን ሳባን፣ "እኛ ቤት ረመዳን አያልቅም" አልኳት፤ ቀናችብኝ።

እማ እንደነገረችኝ ያ የሱሁር ማንኪያ ከሳህኑ ምንም አያነሣም ነበር። እሱ የምትበላ እንዲመስለው ታንኳኳለች፣ እሱም እንደዚያው። ምግብ አልወርድ ብሏቸዋል። ቀን ቀን፣ "ለምን አትበላም? ለምን አትበዪም?" የሚል እንዳይኖር መጾም ቀለላቸው። ጾመኛን ማንም ምን ሆንክ አይለውም። ፊቱ ቢጠቁር ጾም ነው፤ ዝም ቢል ጾም ነው፤ ከሰው ቢርቅ ጾም ነው።

ሳህኑም መሄዱን ቀጠለ። በረመዳን ሁለት ሳምቡሳ ይዞ ይሄድ የነበረው አሁን ሞልቶ ይሄዳል። እማ ምን ያህል ቸር ሆነች እል ነበር። ሳባ ከእኛ ሳምቡሳ ጉንጯ ሞላ። እትዬ ብርቅዬ ሳህኑን ስትቀበል እያየችው ትቆማለች፣ "በላህ ወይ?" ማለቱንም ትታለች። አንድ ማታ ግን ሳህኑን እንደያዘች ወደ ቤት ዞራ ጋሽ ካሱን በአማርኛ፣ እኔን ረስታ ይሁን እንድሰማ ብላ፣ "ገና አልሰማም። እስከ መቼ ነው?" አለችው።

"ማን ነው ያልሰማው?" አልኳት።

ደነገጠች። "እናትህ ነው" አለችኝ። "ማለት… ምንም አይደለም። ሂድ፣ ሂድ ግባ።"

መንገዱ ላይ አሰብኩበት። እማ በስልክ፣ "አባቱ ገና አልሰማም" ብላለች። እትዬ ብርቅዬ ደግሞ እማ አልሰማችም ትላለች። ያኔ ነው የገባኝ፣ ወይም የገባኝ የመሰለኝ። ጾም ጆሯቸውን አደንቁሮታል። ሁለቱም መስማት እያቃታቸው ነው፤ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ለእኔ ብቻ አልተነገረኝም። ነገሩ ደግሞ ልክ መጣልኝ፤ እማን ስጠራት ሁለቴ ሦስቴ ካላልኩ ዞር አትልም። አባባ ጥያቄ ስጠይቀው ግድግዳውን ያያል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ስናገር ጮክ ማለት ጀመርኩ። "እማ! ውሃው ፈላ!" "አባባ! ጫማህ ይኸውና!" ጉሮሮዬ እስኪሻክር። አንድ ቀን አባባ፣ "ሹክሪያ፣ ቀስ" አለኝ። ከዚያ ረሳው። እማ ከነጭራሹ አልጠየቀችኝም። አንድ ልጅ በዚያ ጸጥ ባለ ቤት ለወራት ስትጮህ ለምን ያላት የለም።

ሰፈሩ ግን ተጨንቆ ነበር። መርዶ ተይዞ አይቆይም። ከአባባ ሱቅ አጠገብ ልብስ የሚሰፋው ጋሽ ባዘዘው፣ ጎንደሬ ሽማግሌ፣ ደጋግሞ፣ "ነስሩ፣ ለሴትየዋ በወጉ ይነገራት። ሽማግሌ ይዘን እንምጣ" ይለዋል። አባባ፣ "ትንሽ ትቆይ፣ ደክማለች" ይላል። ሸሪፋ ከወራቤ እየደወለች እማን፣ "ለሰውየው ይነገረው" ትላታለች። እማ፣ "ትንሽ ይቆይ፣ ከስቷል" ትላለች። አባባ ማታ ማታ ዒሻ ሰግዶ የሚቆየው ቁርአን ለመቅራት ይመስለኝ ነበር። ጋሽ ባዘዘው ዘግይቶ እንደነገረኝ አባባ የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ ፍራሾቹ መሀል ይቀመጥ ነበር። አያለቅስም። ይቀመጣል፣ ከዚያ ተነሥቶ ይሄዳል።

ጌታነህ የመጣው ከጥምቀት በኋላ ነው። ከእስር ለቀው ከሌሎች ጋር ወደ አገር መልሰውት ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሳባ ከበር ጮኸች፤ ሮጬ ወጣሁ። አንድ ባጃጅ በራቸው ላይ ቆሟል። የወረደውን ሰው ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ጭንቅላቱ ተላጭቷል፣ ልብሱ ሰፍቶታል፣ ጥርሱ የትልቅ ሰው ጥርስ ሆኗል። አየኝና ፊቱን አዞረ። እኔ አልፌው ባጃጁ ውስጥ ተመለከትኩ። ከኋላው ወንበር ላይ አንድ ፌስታል ብቻ አለ።

ሮጬ ተመለስኩ። እማና አባባ አዛን እየጠበቁ ምንጣፉ ላይ ናቸው። እንዲሰሙኝ ብዬ ከበሩ ላይ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ።

"ጌታነህ መጣ! ከደቡብ አፍሪካ መጣ! ሙዘሚል ግን የለም! ባጃጁን አይቻለሁ፣ የለም!"

ማንም አልተንቀሳቀሰም። አዛኑ ተጀመረ። አባባ ተምሩን በሦስት ጣቱ እንደያዘ ነበር።

"ዘይቱ" አለ። "አንድ ነገር ልነግርሽ…"

"አውቃለሁ" አለች እማ።

"ምኑን ነው የምታውቂው?"

"ሸሪፋ ደውላልኝ ነበር።"

"መቼ?"

"ዒድ ሳይደርስ።" ሾርባውን ወደ እሱ ገፋች። "አንተስ?"

"ካሱ ሱቅ መጥቶ ነገረኝ።"

"መቼ?"

"ዒድ ሳይደርስ።"

አዛኑ አለቀ። አባባ ተምሩን ሰጣት። ተቀበለችው፣ አፏ ውስጥ ጨመረችው። ረጅም ጊዜ አኘከችው። እሱም ሌላ አንሥቶ አኘከ። የሚያዩት አንዱ ሌላውን አልነበረም፤ መሀላቸው ያለውን ትሪ ነበር።

"ምኑን ነው?" አልኳቸው።

"ሙዘሚል ሞቷል" አለኝ አባባ። የፍራሽ ዋጋ ለሴትየዋ በነገራት ድምፅ ነው የነገረኝ። "መንገድ ላይ ታሞ ነው። ቀብረውታል።"

የተሰማኝን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ምንም አልተሰማኝም። ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ ለካ ይሰማሉ። ከዚያ በኋላ ጮክ ብዬ አልተናገርኩም።

እማ ተነሥታ ሳህኑን ሞላች። ዛሬ ግን ለእኔ አልሰጠችኝም፤ ራሷ ይዛው ወጣች፣ አባባ ተከተላት፣ እኔም ተከተልኩ። እነ ጌታነህ ቤት ጎረቤት ሞልቷል። እኛ ስንገባ ወሬው ተቆረጠ። ሰው ሁሉ ሊነግራቸው የፈራውን አውቀው መምጣታቸው ከፊታቸው ታየ መሰለኝ፣ እትዬ ብርቅዬ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ መጮህ ጀመረች።

"ቆይ ብርቅዬ" አለቻት እማ። "መጀመሪያ ልጁ ይብላ።"

ጌታነህ ጥግ ላይ ባለ መደብ ላይ ተቀምጧል። እናቱ ያቀረበችለት ምግብ ፊቱ ነው፤ አልነካውም። እማን ሲያይ ተነሣ። ሳመችው፤ መልሳ አስቀመጠችውና ሳምቡሳውን አጠገቡ አደረገችለት። እጁን ወደ ሳህኑ አልሰደደም።

"ጌታነህ፣ ብላ እንጂ" አለው አባባ።

"እትዬ ዘይቱና" አለ ጌታነህ። "አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ስመጣ መንገዱን ሁሉ ይህንኑ ነው የማስበው።"

"ጠይቅ።"

ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ቤቱ ጸጥ ስላለ ግን ሁሉም ሰማው። ግንቦት መጨረሻ ላይ ታንዛኒያ ጫካ ውስጥ ደላላው ጥሏቸው ጠፋ። ያለቻቸው ትንሽ ዳቦና አንድ ጀሪካን ውሃ ናት፤ በየቀኑ ለየሰዉ ትከፋፈላለች። ጌታነህ ወባ ይዞት ተኝቶ ነበር። ሙዘሚል የራሱን ድርሻ እያመጣ ይሰጠዋል።

"ጾመኛ ነኝ ይለኝ ነበር። ረመዳን ገብቷል፣ እኔ ቀን አልበላም፣ አንተ ብላ ይለኛል። በላሁ። ጠጣሁ። እኔ ተሻለኝ፣ እሱ ወደቀ።" ጉልበቱን ያሻል። "እኔ የእናንተ ጾም መቼ እንደሚገባ አላውቅም። አመንኩት። በኋላ እስር ቤት ገብተን ብዙ ከቆየን በኋላ ሐምሌ ላይ ሙስሊሞቹ ረመዳን ገባ ብለው መጾም ጀመሩ። ግራ ገባኝ። ሁለት ጊዜ ይገባል እንዴ? ያኔ ገብቶ ነበር?"

አባባ ሊናገር አፉን ሲከፍት አየሁ። እማ ዞር ሳትል መዳፏን ጉልበቱ ላይ አደረገች። አባባ አፉን ዘጋ።

"ረመዳን አልገባም ነበር" አለች እማ።

ጌታነህ አንገቱን ደፋ።

"ግን ጾመኛ ነበር" አለች። "ካለፈው ዓመት ያመለጠው ጾም ነበረበት፤ እሱን እያወጣ ነበር። ረመዳን ብሎ ቢነግርህ እንዲገባህ ብሎ ነው። እኛ ቤት ረመዳን ሲያልቅም እንጾማለን። ከልጅነቱ ልማዱ ነው። ጾሙን ነው የጾመው፣ አንተ ድርሻውን አልቀማኸውም። አታምነኝ እንደሆነ ልጅቷን ጠይቃት።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጌታነህ ዓይኑን አነሣ። ሁለቱም ዓይኖቹ ቢጫ ነበሩ።

"እውነት ነው ሹክሪያ? ረመዳን ሳይሆንም ትጾማላችሁ?"

እኔ በጣም ኮራሁ። የምመልሰውን የማውቀው ጥያቄ ነው የተጠየቅኩት።

"አዎ" አልኩት። "እማም አባባም በየቀኑ ነው የሚጾሙት። ዛሬም ጾመዋል። አሁን ነው ያፈጠሩት። ሳባን ጠይቃት፣ እኛ ቤት ረመዳን አያልቅም።"

ሳባ ከእናቷ ጀርባ ሆና ራሷን ነቀነቀች።

ጌታነህ ለረጅም ጊዜ አየኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ስለዚህ ነገር ልትዋሽ እንደማትችል አስቦ ይሆናል። ልክ ነበር፣ አልዋሸሁም። ሙዘሚል ጾም ብሎ ነገር የሚያስጨንቀው ልጅ እንዳልነበረ፣ በረመዳን እንኳ ከሱቁ ጀርባ ተደብቆ ብስኩት ሲበላ አባባ ስንቴ እንደያዘው፣ ያመለጠውን ጾም በጫካ ማውጣት በሐሳቡም እንደማይመጣ ያኔ የማውቅበት ዕድሜ ላይ አልነበርኩም። እማ ታውቃለች። አባባም ያውቃል።

ጌታነህ አንድ ሳምቡሳ አነሣ። በላው። ሌላ አነሣ። እማ እስኪጨርስ አጠገቡ ተቀምጣ ጠበቀች። ከዚያ ለእትዬ ብርቅዬ፣ "አሁን አልቅሺ" አለቻት።

በማግስቱ በራችን ላይ ድንኳን ተተከለ። ከወራቤ ዘመድ መጣ። ሰው ሁሉ አለቀሰ፣ እናትና አባቱ ግን አላለቀሱም። ብዙ ሰው ታዘባቸው። ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ አባባ ምሳ መብላት ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ ወደ ጫቱ ተመለሰ፤ ጠቡም አብሮ ተመለሰ፣ ምጣዱም መወርወር ጀመረ። በርበሬና ዘይት ሲበዛ ሲያንስ እንደ በፊቱ ይጨቃጨቁ ነበር። አባባ ካለፈ አሁን አራት ዓመቱ ነው።

ጌታነህ ባጃጅ ገዝቶ ሲቀላ ይሠራል። አግብቶ ወልዷል። በሆነው ቀን፣ ሳይደውል፣ እማን ሊያይ ብቅ ይላል፤ ከገበያ ዕቃ ያመላልስላታል፣ ለሬዲዮዋ ባትሪ ያስገባላታል፣ እንደ ልጅ ነው። እማ ሰኞና ሐሙስ መጾሟን እስከ ዛሬ አልተወችም። ስኳር በሽታ አለባት፤ ሐኪሙ ከልክሏታል፤ እኔም ከምኖርበት ከሐዋሳ በመጣሁ ቁጥር እጨቃጨቃታለሁ። ባለፈው ሐሙስ ሳላስበው፣ "እማ፣ ለማን ብለሽ ነው?" አልኳት።

"ጌታነህ ድንገት ቢመጣስ?" አለችኝ። "ስበላ ያግኘኝ?"

ቀትር ላይ ባጃጁ በሩ ላይ ሲቆም ሰማን። ጌታነህ ገባ፣ ምሳ አቀረብኩለት። ከመብላቱ በፊት እንደ ሁልጊዜው ወደ እማ ዞር ብሎ፣ "ዛሬም ጾም ነው?" አላት።

"ዛሬም" አለች።

ዳቦውን ቆርሶ መብላት ጀመረ።